በአንድ ክንድ ርቀት

አክስቴ ኬብሉን መለኪያው ላይ ከመሰካቷ በፊት ጫፉን ሁለት ጊዜ እፍ ትለዋለች፤ ለሕፃን ትኩስ ነገር እንደማብረድ። በየቀኑ፣ በየኬብሉ እንዲሁ ነው። ባልደረቦቿ «እትዬ ሜትር፣ አቃጠለዎት እንዴ?» ይሏታል። «አቧራ ልኬት ይበላል፤ እናንተ ደግሞ ጊዜ ትበላላችሁ» ትላቸዋለች።

ሥራዋን ማስረዳት ይከብደኛል። የገባኝ ይህ ነው፦ መረጃ በኬብል ሲሄድ መንገድ ላይ ይደክማል፣ ያስተጋባል፣ ከጎረቤት ሽቦ ጋርም ይንሾካሾካል። እሷ ይህን ሁሉ በቀመር ትጽፈዋለች። ቀመሩ ልክ ከሆነ ኬብሉ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚችል አስቀድሞ ይታወቃል።

አንድ ጊዜ አዲስ የፈጣን ኔትወርክ ደረጃ፣ ማለትም ሁሉም የሚከተለው የቴክኒክ መስፈርት፣ እየተዘጋጀ ነበር። በየሕንፃው ኮርኒስ ውስጥ ያለው አሮጌ ኬብል አዲሱን ፍጥነት ይሸከማል ወይስ ተነቅሎ ይጣላል? የአክስቴ ቀመር «ይሸከማል» አለ። ከአንድ አሮጌ ትምህርት ቤት የመጣው ልኬት ግን እምቢ አለ። በግራፉ ላይ የልኬቱ መስመር ቀመሩን ተከትሎ በሰላም ሲወርድ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ ገደል ይገባል። ደረጃውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ድምፅ ሊሰጥ የቀረው አሥር ቀን ነበር።

«ይህን አንድ ልኬት እንተወው፤ መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል» አላት የክፍሉ ኃላፊ።

«ከወረቀቱ ላይ ብናጠፋው ከኮርኒሱ አይጠፋም። መሰላል ፈልግልኝ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ዕድሜዬን መች ውጣ አልኩት? የምወጣው እኔ ነኝ።»

ትምህርት ቤቱ ሄደን መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አቧራው ፀጉሬ ላይ እየወረደ ሽቅብ አየኋት። ኬብሎቹ እንደ ሹሩባ ተስተካክለው ተኝተዋል፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል። ከዚያ ክንዷን ኬብሉ ላይ አጋደመች። ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ፣ አንድ ማሰሪያ። እንደገና አጋደመች፣ አሁንም አንድ ማሰሪያ።

«ሁሉም እኩል ነው!» ብላ ጮኸች።

«ታዲያ አያምርም?»

«ለዓይንማ ያምራል! ስሚኝ የኔ ልጅ፣ የጠበቀ ማሰሪያ ሁሉ ትንሽ ማሚቶ ይመልሳል። አንድ ሰው ቢያጨበጭብ ማን ይሰማዋል? መቶ ሰው በአንድ ምት ሲያጨበጭብስ?»

ማሰሪያዎቹን ቆርጣ እንደገና አላልታ፣ አንዱን ቀረብ አንዱን ራቅ አድርጋ አሰረች። መልሳ ስትለካው ገደሉ ጠፋ። ቀመሩ ላይም የማሰሪያውን ርቀት ጨመረችበት፤ ይኼኔ ያ የድሮው ገደል ራሱ ከነጥልቀቱ በቀመሩ ውስጥ ታየ።

በስብሰባው ዕለት የቀመሩንና የልኬቱን መስመሮች ደራርባ ግድግዳው ላይ አሳየች። ሰብሳቢው መነጽሩን ጠርጎ ተጠጋ።

«የተለካው የትኛው ነው?»

«ስም ባልጽፍበት እኔም አልለየውም» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እጆችም ለድጋፍ አንድ ሳይቀር ወጡ። አሮጌው ኬብል በየሕንፃው እንዲቀር ተወሰነ፤ ደረጃው ውስጥም «ማሰሪያዎች በእኩል ርቀት አይታሰሩ» የሚል የእሷ ዓረፍተ ነገር ገባ። ከአዳራሹ ስንወጣ የሕንፃውን ደረጃ እንደ ልጅ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፤ መድረስ አቃተኝ።

ይህን ጽሑፍ አንብቤላታለሁ። መሰላሉንም፣ ዝላዩንም ፈቀደችልኝ። እንዳልጽፍ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና ኬብል ዘርጊ ሳለች፣ የዚያን ኮርኒስ ኬብሎች በክንዷ እየለካች ያሰረችው እሷው ነበረች።