እታገኝን ያስባረራት ሳቅ

እታገኝ ስትስቅ መጀመሪያ በአፍንጫዋ አፈን ታደርገዋለች፤ ከዚያ ያመልጣታል፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ጎኗን ይዛ «ወይ ጎኔን!» ትላለች። ቃሊቲ ከበሯ ፊት ለፊት ሱቅ አለኝ፤ መንገዱን በሞላው የከባድ መኪና ጩኸት መሀል ሳቋን ለይቼ አውቀዋለሁ። ዕድሜዋን የፈጀችው ክር ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚያ ማሽኑ ሲነሳ አጠገብህ ያለውን ሰው አትሰማውም፤ ቀስ ብሎ የሳቀ እንዳልሳቀ ይቆጠራል። ጆሮዋም ደከም ብሏል። ታዲያ ቀስ ብሎ መሳቅ የት ሄዳ ትማር?

ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ሲልባት ስልኳ ላይ የምትከፍተው ኮሜዲያን አምባውን ነው። አምባው የአቃቂ ልጅ ነው። ስለ ፋብሪካ ሰርቪስ፣ ስለ ምሳ ዕቃ፣ ስለ ሠፈራችን ጭቃ ያወራል። «የኛው ልጅ እኮ ነው!» ትለኛለች፣ ጡት ያጠባችው ይመስል።

ሳሪስ አዳራሽ ውስጥ ሊቀርብ ነው ሲባል ቲኬቱን እኔ ገዛሁላት። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለሠርግ የምታወጣውን ጫማ ተጫምታ መጣች። ቀድመን ደርሰን የፊተኛውን ወንበር ያዝን። ከፊታችን የተመልካቹን ሳቅ የሚቀዳ ማይክ ቆሟል፤ ካሜራውም ብዙ ነው።

አምባው ወጣ። «ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ» አለ። «አውቶቡስ ስጠብቅ ነው የምውለው። አማሮኝ ሠፈር ልቀይር ብል፣ የምሄድበት አውቶቡስ የለም!»

እታገኝ ፈነዳች። አዳራሹም በሷ ሳቅ ሳቀ። አምባው ራሱ ዞር ብሎ አይቷት ፈገግ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛውም ላይ፣ ሦስተኛውም ላይ «ወይ ጎኔን!» አለች። እንደዚያ ደስ ብሏት ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ አንገቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች ሴት ጎንበስ ብላ መጣች። «እማማ፣ ቀረጻ ላይ ነን። ድምፅ እየረበሹብን ነው።»

እታገኝ ደነገጠች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ምን ዋጋ አለው፣ የሚቀጥለው ቀልድ ስለ ፋብሪካ ሰርቪስ ነበር፤ የራሷ ኑሮ! ነጠላውም አልያዘላትም። ሴትየዋ አንድ ወጠምሻ አስከትላ ተመለሰች፤ ክንዷን ይዘው አስነሷት።

«ሰው ሊያስቅ ጠርቶ በመሳቋ ያስወጣታል እንዴ? ወላሂ ጉድ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ተይው ላጢፋ፣ የልጁን ሥራ እንዳናበላሽበት» አለችኝ እታገኝ። አሁንም ለሱ ነው የምትሳሳው! እሱ መድረኩ ላይ ውሃውን ይጠጣል። አንድ ቃል፣ «ተዉአቸው» የምትል አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት? አልወጣውም።

ታክሲ እንያዝ ብላት እምቢ አለች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደህና የሚሰማትን ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ወዲያው ውስጥ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ በሳቅ ሲንጫጫ ተሰማ።

«ምን ብሎ ይሆን?» አለችኝ፣ ቀልዱ ቀረብኝ ብላ።

ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ ሱቄ መጥታ፣ በርጩማ ስባ፣ አብረን አየነው። ከወጣንበት ቦታ ደረሰ። አምባው ወደ በሩ እያየ፣ «የቃሊቲ ተሳቢ መኪና ናት የገባችብን» አለ። «ክላክሷ አልጠፋ ብሎ ነው፤ ጋራዥ ልከናታል!»

ከዚያ ሳቅ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫ አፈን ያለ፣ ከዚያ ያመለጠ፣ መጨረሻው ላይ «ወይ ጎኔን!»

ደሜ ፈላ። በሳቋ አስወጧት፤ ሳቋን ግን አላስወጡትም። ማይካቸው ከቀዳው ቆርጠው፣ እሷን በሰደቡበት ላይ ለጥፈውታል! ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀልዶች ላይ ሁሉ፣ እኛ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ እታገኝ ውስጥ ሆና ትስቃለች። የሠፈሩ ሰው ሱቄ እየመጣ «እታገኝ እንዴት ያለች ጨዋታ አዋቂ ናት፣ ሲሰድባት እንኳ ትስቃለች!» ይለኛል። እውነቱን እነግረዋለሁ፤ የሚያምነኝ የለም።

እሷ ቪዲዮውን ያየን ቀን አልተቆጣችም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። እዚያችው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ መልሳ አስከፈተችኝ። ከዚያ ስልኩን በእጇ ሸፈነችው።

«ላጢፋ፣ እኔ እዚህች ላይ አልሳቅኩም» አለች። «ለሰው ንገሪልኝ።»

ይኸው እየተናገርኩ ነው። አልሳቀችም።