የአማቴ እንሽላሊት

ከባምባሲ ወደ አሶሳ ተድሬ ስመጣ፣ ከልብሴ ሌላ ይዤ የመጣሁት አንዲት ግራጫ ድመት ነበር። ባሌ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ አህዮቹን ጭኖ ወደ ሱዳን ወረደ። እኔ ዓይነ ስውር ከሆኑት እናቱ ጋር ቀረሁ።

አማቴ ድመቷ ስትጮህ ሰሙና፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት እኮ እንሽላሊት አለች» አሉኝ።

እንሽላሊቷ ክንድ ታህላለች። ባላቸው በተቀበሩ ዕለት በቀርከሃው ግድግዳ ቀዳዳ ገብታ አልጋቸው ሥር ተኛች፤ ከዚያ ወዲህ አብራቸው ትኖራለች። ምስጥ በእጃቸው ያጎርሷታል፤ በቅል ስባሪ ውሃ ያጠጧታል። ሲያወሯት መልስ የሚሰሙ ይመስል በመሃል ዝም ይላሉ። እኔ ያን ዝምታቸውን እፈራው ነበር።

«አይጥ ስለፈጀን ድመትሽ ትኑር» አሉ። «ግን ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ሁለቱን ጠብቂ።»

ጠበቅኋቸው። ቀን እንሽላሊቷ ፀሐይ ልትሞቅ ስትወጣ ድመቷን ጓዳ አስራታለሁ። ሲመሽ እንሽላሊቷ ላይ ቅርጫት ደፍቼ፣ ድንጋይ ጭኜበት፣ ድመቷን አጥግቤ እፈታለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አማቴን ራቅ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር አስቀምጬ ስመለስ ገመዱ ተበጥሷል። ድመቷ እንሽላሊቷን ይዛታለች። እንደ ምንም ሳስለቅቃት እንሽላሊቷ ግድግዳው ውስጥ ተሰወረች፤ ጭራዋ ግን ተቆርጦ ወለሉ ላይ ብቻውን ይፈራገጣል።

ወዲያው ከውጭ አማቴ «ወይኔ እግሬን!» ብለው ጮኹ።

ሮጬ ደረስኩ። ቀኝ እግራቸው በድን ሆኗል፤ ብቆነጥጠውም አይሰማቸውም። ደግፌ አስገባኋቸውና ጭራውን አመድ ውስጥ ቀብሬ ዝም አልኩ።

በየቀኑ «ደህና ናት?» ይሉኛል።

«ደህና ናት፣ እማማ» እላለሁ። የማስቀምጥላት ምስጥ ግን ሳይነካ ያድራል።

በአሥራ አንደኛው ቀን እንሽላሊቷ ወጣች። በጭራዋ ቦታ ጥቁር ጉጥ አብቅላለች። በማግስቱ አማቴ የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት አነቃነቁ። ከዚያ በላይ መሸሸግ አልቻልኩም። እግራቸው ሥር ወድቄ፣ «እማማ፣ ያን ዕለት ድመቷ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ጭራዋ ወለሉን ሲመታ ሰምቻለሁ። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

ከዋርካው ሥር ሆኖ ቤት ውስጥ የሚነጋገር ሰው ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ባሌ ክረምቱ ሲወጣ ተመለሰ። እናቱን በምርኩዝ ሲያነክሱ አይቶ የሆነውን ስነግረው፣ ድመቷን ገደል ልወርውር ብሎ ተነሣ። እሳቸው ግን፣ «ወላሂ አትነካትም! ድመትን አድነሽ ብዪ ብሎ የፈጠራት አላህ ነው። አርፈህ ደህና ገመድ ፈልግ» አሉት። ተቀምጦ ከበሬ ቆዳ ጠፍር ገመደ፤ እኔም ጫፉን ያዝኩለት።