አሠልጣኟን ለመመለስ ከሜራን እስከ ክሎተን

ሜራን፣ ሲነጋጋ

ከፎቆቹ መስኮቶች መብራት ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የመጀመሪያው ትራም ባዶውን ወደ ጄኔቫ መሃል ከተማ ይወርዳል። ጋሽ ዘሪሁን መኪናቸውን ከሕንፃችን በር ላይ አቁመው የፊት መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላሉ። የሥራ ቀን የማይለብሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራቫትም አስረዋል።

ጋሽ ዘሪሁን ጄኔቫ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ በትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬም ሽማግሌ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ ከየሺና ከእኔ ጋር ሦስት ሆነን ወደ ዙሪክ። ሽምግልናው ግን ለጋብቻ አይደለም፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ለማስታረቅም አይደለም። የምንሄደው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ለመለመን ነው።

ነገሩን ላስረዳ። እዚህ ጄኔቫ ኮሌጅ የሚባለው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። የወንድሜ ልጅ ሩት የምትማርበት ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አለው። ዋና አሠልጣኟ ሰናይት ናት፤ አገር ቤት ስፖርት ተምራ የተመረቀች፣ እዚህ ከመጣች ወዲህ ግን ቀን ቢሮ እያጸዳች ማታ ልጆቹን በነፃ የምታሠለጥን። ረዳቷ ሉካ የሚባል ዝምተኛ የሒሳብ መምህር ነው። አምና ቡድኑ ለዋንጫ ደርሶ ነበር፤ እኛም ሀበሾቹ ደጋፊዎች በዝተን፣ ከበሮ ሁሉ ይዘን እንሄድ ነበር። ዘንድሮ ሽንፈት በሽንፈት ሆነ። በመጨረሻም ሁልጊዜ በሚያሸንፉት ቡድን ተሸንፈው ከውድድር ወጡ።

ያን ቀን የደጋፊዎቹ የስልክ ግሩፕ ተቃጠለ። አንዱ "ዋናዋ ትልቀቅ" ይላል፣ ሌላው "ጥፋቱ የረዳቱ ነው፣ አፍ የለውም" ይላል። ከሁሉም የመረረው የጋሽ ዘሪሁን መልእክት ነበር። "እየመራን ረጅሟን ልጅ አስወጣቻት። አሠልጣኟ የምትችለውን አሳይታናለች፤ ከዚህ በላይ የላትም" ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው አውራ ጣቱን ቀሰረላቸው። ከሳምንታት በኋላ የሰናይት አጭር መልእክት መጣ፦ "ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቡድኑን አላሠለጥንም። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።" ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ዘሪሁን ደወሉልኝ።

"እኔ ነኝ ያባረርኳት" አሉ። "ዙሪክ እህቷ ጋ ናት አሉ። ሄደን እናምጣት።"

ከሎዛን ወዲያ

ሐይቁ በቀኛችን ነው። ከማዶው ተራራ ጫፍ ላይ በረዶው ሮዝ መስሏል። ከሎዛን አልፈን የወይን እርሻዎቹ በድንጋይ ካብ ተደርድረው ወደ ውኃው ሲወርዱ ሳይ፣ ስንት ዓመት ኖሬም ዛሬም አፌን ያስከፍተኛል። እንዲያ ባለ ቁልቁለት ላይ መሬቱን በእጁ እየደገፈ የሚያርስ ሰው ይደንቀኛል።

የሺ ግን መስኮቱን አታይም፤ ሐሳቧ ስለ ሰናይት በጀመርነው ክርክር ላይ ነው። የሺ የምትሠራው በአንድ ዲፕሎማት ቤት ነው፤ ልጆች ትይዛለች፣ ምግብ ታበስላለች። ኮንጄዋ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ቅዳሜ ነው። ድሮ ቅዳሜን ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር የምታሳልፈው። አንድ ቀን ወደ ጨዋታ ወሰድኳት፤ ከዚያ ወዲህ ቀርታ አታውቅም።

"ጋሼ፣ አምና ያሸነፉት እኮ ትልልቆቹ ልጆች ነበሩ" አለች ከኋላ ወንበር። "እነሱ ተመርቀው ሄዱ። የቀሩት ገና ኳስ መያዝ የሚለማመዱ ናቸው። ሰናይት ምን ታድርግ?"

"አሠልጣኝ ማለት ባለው ልጅ የሚሠራ ነው" አሉ ጋሽ ዘሪሁን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። "በመጨረሻው ጨዋታ ረጅሟን ልጅ ለምን አስወጣቻት? እየመራን እኮ ነበር።"

"ደክሟት ይሆናላ።"

"አልደከማትም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ።"

"ታዲያ እንዲህ ካሰቡ ለምን ልንለምናት እንሄዳለን?" አልኩ እኔ።

ጋሽ ዘሪሁን ከፊታችን የሚሄደውን ከባድ መኪና ቀስ ብለው አለፉት።

"አጠፋች ማለትና አትረባም ማለት ይለያያል" አሉ በመጨረሻ። "እኔ የጻፍኩት ሁለተኛውን ነው።"

ከግሩዬር ሐይቅ በላይ

ለቁርስ ቆምን። ማረፊያው ከኮረብታው ላይ ሆኖ አረንጓዴውን ሐይቅና በመካከሉ ያለችውን ትንሽ ደሴት ቁልቁል ያያል። ላሞች ደወል አስረው ይግጣሉ። ቡና፣ ክሩዋሳንና ቺዝ ያለበት ዳቦ ገዛን፤ የአውራ ጎዳና ዋጋ ስለሆነ ጋሽ ዘሪሁን ደረሰኙን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዳቦው ግን ትኩስ ነበር፣ ቺዙም ይጎተታል።

የሺ ሰናይትን ለምን እንደምትወዳት ያወራችን እዚያ ነው። መጀመሪያ ጨዋታ ያየች ቀን ጥግ ላይ ቆማ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሰናይት ልጆቹን ትታ መጥታ ስሟን ጠየቀቻት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከተቀያሪዎቹ ጀርባ ያለችውን ወንበር እያሳየች "ይቺ የየሺ ናት" አለች ለሁሉም።

"እዚህ አገር የእኔ ነው የምለው ወንበር ያ ብቻ ነው" አለች የሺ፤ ሳቅ ብላ ቡናዋን ጨለጠች።

ጋሽ ዘሪሁን የዳቦውን ፍርፋሪ ከክራቫታቸው ላይ እያራገፉ ተነሡ። "እንሂድ" ብቻ ነው ያሉት።

ከፍሪቡር በኋላ የመንገድ ምልክቶቹ ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ ተቀየሩ። የበርን ቀይ ጣሪያዎች ብቅ ብለው ጠፉ። እስከ ዙሪክ ጋሽ ዘሪሁን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ሳዳምጥ ግን ንግግራቸውን እየተለማመዱ ነው።

ቪዲኮን

የሰናይት እህት ገነት የምትኖረው ቪዲኮን ነው፤ ከሥር ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌትና ፀጉር ቤት የተደረደሩበት፣ ከላይ ሰው የሚኖርበት ሰፈር። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሠፈሩን ደጋግመን ዞርን። የአውቶቡስ ሹፌሩ ጋሽ ዘሪሁን ቦታ ሲያጡ የተናገሩትን አልጽፈውም።

በሩን የከፈተችው ራሷ ሰናይት ናት። ቱታ ለብሳለች። ሦስታችንን ከነክት ልብሳችን ስታይ ደነገጠች።

"ምነው? ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

"ታዲያ ግቡ፤ ተቀመጡ እንጂ።"

ገባን፤ አልተቀመጥንም። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ገነት ከወጥ ቤት ወጥታ ስታየን ነገሩ ገባትና በእጇ አፏን ያዘች። ጋሽ ዘሪሁን ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመንገድ ሁሉ የተለማመዱት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም፤ ከአፋቸው የወጣው አጭር ነበር።

"ሰናይት፣ የጻፍኩትን አንብበሻል። ስለ ጨዋታው ያልኩትን ብናገርም ያስኬደኛል። ስለ አንቺ ያልኩት ግን ልክ አልነበረም። ለአራት ዓመት የልጆቻችንን ላብ ስትጠርጊ አንድ ቀን 'እግዜር ይስጥልኝ' ሳልልሽ፣ ሲሸነፉ ግን ጻፍኩ። ይቅር በይኝና ተመለሽ። እነዚህም የመጡት ለዚሁ ነው።"

ሰናይት ወለሉን አየች። ከመንገድ የትራም ደወል ተሰማ።

"ጋሽ ዘሪሁን፣ ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም" አለች። "አልዋሽዎትም። ጠዋት ደግሜ ሳነበው ግን ስለ ረጅሟ ልጅ ያሉት እውነት ነበር። ማስወጣቴ ስህተት ነው። ለልጅቷም ነግሬያታለሁ።"

"እንግዲያው ትመለሻለሽ?" አለች የሺ።

"የለቀቅኩት በእናንተ አይደለም እኮ።"

ወደ ጓዳ ገብታ ስትመለስ አንገቷ ላይ የትምህርት ቤት ቁልፍ ያለው ማንጠልጠያ አድርጋለች። ክሎተን ካለ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት አግኝታለች። ዲግሪዋን እዚህ አገር ለማስመዘን ለዓመታት ስትመላለስ፣ ማታ ማታ ጀርመንኛ ስትማር ኖራ፣ በመጨረሻ ተሳክቶላታል። በተማረችበት ሙያ ደመወዝ ስታገኝ ከአገር ከወጣች ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት።

"ሁሉም በተናደደበት ግሩፕ ውስጥ 'ሥራ አገኘሁ' ብዬ ልጻፍ? ጉራ መሰለኝ።"

ጋሽ ዘሪሁን ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኛም ተከትለን ተቀመጥን። መልስ አግኝተናል፤ ያሰብነው ባይሆንም። ገነት እስካሁን ስትጠብቅ የቆየችውን ምሳ አቀረበች፤ ተፈቅፍቆ እንደ ቂጣ የተጠበሰውን ድንች፣ የዙሪክ ሰዎች ሮሽቲ የሚሉትን፣ ከላዩ እንቁላልና የራሷን ሚጥሚጣ አድርጋ። ጋሽ ዘሪሁን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ክሎተን

ከምሳ በኋላ ሰናይት "እስቲ ኑ፣ እዩት" አለችን። ከዙሪክ ወጣ ብሎ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ነው ክሎተን። አውሮፕላኖቹ ከጣሪያ በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ የሰፈሩ ሰው ቀና ብሎም አያይም። የትምህርት ቤቱ ቱርንሃለ፣ የስፖርት አዳራሹ ማለት ነው፣ ከእንጨት ወለሉ የቅባት ሽታ ይወጣል። ገና መደበኛ ሥራዋን ባትጀምርም ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጃገረዶች ታጫውታለች። አውሮፕላን የሚያጸዱ፣ ሻንጣ የሚጭኑ፣ የመንገደኛ ምግብ የሚያሽጉ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ከየአገሩ።

ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረን አየናት። ጀርመንኛዋ ይሰናከላል። አንድ ቃል ስትሳሳት ልጆቹ እየሳቁ ያርሟታል፤ ከአፋቸው ተቀብላ ትደግመውና "እንደገና" ትላቸዋለች፣ ኳሱንም ቃሉንም። ኳስ በመጣ ቁጥር ዓይኗን የምትጨፍን አንዲት ልጅ ነበረች። ሰናይት ከፊቷ ተንበርክካ ኳሱን ከእጅ ወደ እጅ ትሰጣት ጀመር፤ ሳትወረውር፣ ሳትቸኩል። ቀስ በቀስ ራቅ እያለች ሄደች። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ዓይኗን ከፍታ ቀለበችው፤ ከእኛ በቀር ያየ ያለ አይመስለኝም።

"ያቺን ባለ ሹሩባ ወደ ግራ ብታዞራት..." ብለው ጀመሩ ጋሽ ዘሪሁን።

"ጋሼ፣ እባክዎ ዛሬ እንኳ" አለች የሺ።

ጋሽ ዘሪሁንን ሳያቸው ዓይናቸው እርጥብ ነው። ሰናይትን ለአራት ዓመት አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ከሥራ ደክሟት መጥታ፣ ሰዓቷን እያየች ነበር። ዛሬ ሰዓቷን አንድ ጊዜም አላየችም።

ስንሰናበት ጋሽ ዘሪሁን እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ልመልስሽ ነበር የመጣሁት" አሉ። "አሁን እሺ ብትዪኝም አልወስድሽም። ጌታ እዚሁ ያቁምሽ፤ ሥራሽን ይባርክልሽ።"

"አሜን። ሉካን አደራ" አለች። "ዝም የሚለው ስለማያውቅ አይደለም። አምና ያ ሁሉ ያጨበጨባችሁለት መከላከል የእሱ ሥራ ነው። እናንተ ጋ መጥቶ አያወራም፤ እናንተ ሂዱና አውሩት።"

የሺ አቅፋ አልለቅ አለቻት። ሰናይት በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለቻት አልጠየቅኩም።

መመለሻ

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትወርድ እኛም ወደ ምዕራብ ነበር የምንነዳው። የሺ ተኛች። ጋሽ ዘሪሁን ክራቫታቸውን ፈትተው ከመስታወቱ ላይ ሰቅለዋል። "ምን ብለን እንጻፍላቸው ለግሩፑ?" አልኳቸው። "ሥራ አገኘች ብለሽ ጻፊ። እኔም ከሥሩ እንኳን ደስ አለሽ እላለሁ" አሉኝ። ጽፌ ላክሁ። ሎዛን ሳንደርስ ስልኬ በመልካም ምኞት ተሞላ፤ ከነዚያው ሰዎች።

ሜራን ስንገባ ብርሃን ነበር። ሩት ከሕንፃው በር ላይ ቦርሳዋን አንግታ፣ ፀጉሯ በላብ ተጣብቆ ትመጣለች። ጠዋት ዘመድ ልንጠይቅ ነው ብያት ነበር የወጣሁት።

"ታንቲ፣ ከየት ናችሁ?" አለች ወደ መኪናው መስኮት ጎንበስ ብላ፤ ታንቲ የምትለኝ አክስቴ ለማለት ነው።

"ከዙሪክ። ሰናይትን እንድትመለስ ልንለምናት ሄደን ነበር። ክሎተን ሥራ አግኝታለች፤ አትመለስም" አልኳት፤ እንዳታዝን ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"እኛ እናውቃለን እኮ። ኮች ነገረችን፣ ደጃ፣ ድሮውኑ፣ ከፋሲካ በፊት። ኬክ በላን። አለቀስን ትንሽ።" ትከሻዋን ነቀነቀች። "ዛሬ ከሉካ ጋር ልምምድ ነበረን። እኛ ነን የጠየቅነው፣ በቫካንስ፣ በትምህርት ዕረፍቱም፣ አሠልጥነን ብለን።"

ሦስታችንም ተያየን።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገራችሁንም?" አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

"አልጠየቃችሁንም" አለች ሩት። ክፋት አልነበረባትም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው።

ጋሽ ዘሪሁን ሞተሩን አጠፉ። በሩን ከፍተው ወጡና ከሕንፃው ደረጃ ላይ፣ በዚያ በተተኮሰ ሱሪያቸው፣ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉላት።

"እንግዲያው አሁን ልጠይቅሽ" አሏት። "ነይ ተቀመጪ። ሉካ ዛሬ ምን አሠራችሁ?"

ሩት ቦርሳዋን አውርዳ ተቀመጠች፤ እጇን እያወናጨፈች፣ አማርኛው ሲያልቅባት ወደ ፈረንሳይኛ እየዘለለች ታስረዳቸው ጀመር። እኔና የሺ መኪናው ላይ ተደግፈን አዳመጥን።