ስድብ የናፈቃት ዜልማ

ዜልማን የማያውቅ ሰው ነገረኛ አይቻለሁ አይበል። ዕድሜዋን ሙሉ እዚሁ ጋውያ ወንዝ ዳር ፖስታ ስታድል የኖረች ሴት ናት፤ የማን ቤት ምን እንደጎደለው አብጠርጥራ ታውቃለች። እኛ ወደ አያቶቻችን የጥንት እምነት የተመለስን ሰዎች በዓል ስናከብር ዘፈን የምታወጣልን እሷ ናት። በብርዱ ወራት ፀሐይ ልትመለስ ስትል ግንድ ጎትተን ስናቃጥል በዘፈን ትመራናለች። በሊጎ ማታ ግን፣ ቀኑ ከሁሉ በሚረዝምበት ጊዜ፣ ጓሮውን ላላረመ ሰው ወዮለት! የአበባ ጉንጉን ደፍተን ከደጅ ደጅ እየዞርን ሰነፉን በግጥም ልክ ልኩን እንነግረዋለን። የተሰደበውም ስቆ አይብና ቢራ ያቀርባል። በዚያ ማታ መቀየም ነውር ነው።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ባሏ ታሊስ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዜልማ መቆፈሪያ አላነሳችም፤ ጓሮዋን አረም ዋጠው።

ሊጎ ሲደርስ መሪያችን ኢማንትስ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ እሷ በር ሳንደርስ አስቆመን።

«እዚህ ቤት አንድም ስድብ እንዳልሰማ። ሐዘንተኛ ናት።»

«ታዲያ ምን ልንዘፍን ነው?» አለች ቬልታ፣ የዜልማ ጎረቤትና የግጥም ባላንጣዋ።

«ስለ ፀሐይ።»

«ለዜልማ? ጉድ እኮ ነው!»

ዜልማ የአበባ ጉንጉኗን ደፍታ፣ አይቡን ቆራርሳ፣ ቢራውን ቀድታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ስለ ፀሐይ ዘፈንንላት።

«ጨረሳችሁ?»

«አዎ እትዬ ዜልማ። ያጽናዎት» አላት ኢማንትስ።

ፊቷ ልውጥ አለ። «ይኸ ሁሉ አረም አልታያችሁም? ዓይናችሁ ጠፋ? አምና ለአንዲት ሳማ አንገቴን አስደፍታችሁኝ አልነበር! የሞተው ታሊስ ነው። እኔንም አብራችሁ ቀበራችሁኝ?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ኢማንትስ መሬት መሬቱን ያያል።

ቬልታ ገፍታን ወደፊት ወጣች።

«የዜልማ ጓሮ ዱር ሆኗል ዘንድሮ፣
ትናንት የገባችው አልወጣችም ዶሮ!»

«ሊጎ፣ ሊጎ!» ብለን አዝማቹን ተቀበልን፣ እየፈራን።

ዜልማ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቬልታን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«የቬልታ ቢራማ ምን ያሰክረኛል፣
እንቁራሪት ገብቶ ቀን ሙሉ ይዋኛል!»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! እንደ ልማዳችን ኮረብታው ላይ እሳት አንድደን ዙሪያውን ስናድር ማንንም አልማረችም፤ ኢማንትስን እንኳ በአውቶቡሱ አሳቀችበት።

ሲነጋ ፀሐይን ተቀብለን ስንመለስ ዜልማ ቀድማን ወደ ጓሮዋ ወርዳለች። ጉንጉኗን እንደደፋች አረሙ መሃል ተንበርክካ ትነቅላለች።

«ምነው እትዬ፣ ትንሽ እንኳ አይተኙም?» አልኳት።

ቀናም አላለች። «ዞር በል ወዲያ! የጠፋችውን ዶሮ እየፈለግሁ ነው።»