ከማልያው የተተረተረው ስም

ሰው ስለ ሜሰን ክሮል ምን እንደሚል ማወቅ የፈለገ ሬዲዮ ከፍቶ የደዋዮችን ጩኸት መስማት አያስፈልገውም። ዌስተን ወደሚባለው ሰፈር ወርዶ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለችው ጠባብ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ይግባና ውቢትን ይጠይቅ። ውቢት የአሜሪካን ፉትቦል ሕጉን አታውቀውም። ለዓመታት ሲነገራት ኖሮ የገባት ነገር ቢኖር ኳሷ ሞላላ መሆኗና ክሮል ኳርተርባክ የሚባለው፣ ኳሱን ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ሰውዬ መሆኑ ነው። የደጋፊውን ልብ ግን እሷን ያህል የሚያውቅ የለም፤ ማልያው የሚመጣው እሷ ዘንድ ነዋ!

ክሮል ከሐይቁ ማዶ ላለው ቡድን አሥራ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። በእነዚያ ዓመታት ሱቋ መላወሻ አልነበራትም። ሆዱ የገፋ ማልያውን ጎን ጎኑን አስፊልኝ ይላል፤ ልጁ ያደገበት እጅጌውን አስረዝሚልኝ ይላል። ከሁሉ የሚበዛው ግን ባዶ ማልያ ይዞ መጥቶ «የክሮልን ስም ስፊልኝ» የሚለው ነበር። ስሙ ሁለት ስንዝር በምትሆን ጠባብ ጨርቅ ላይ ይጻፍና ጨርቋ ከትከሻ እስከ ትከሻ ጀርባው ላይ ትሰፋለች። ውቢት ስንቱን እንደሰፋች እሷም አታውቅም።

ከዚያ አንድ መጋቢት ላይ ክሮል ለባላንጣው ቡድን ፈረመ።

በማግስቱ ሱቋ በር ላይ ሰልፍ ነበር። የመጀመሪያው ጋሽ እሸቱ ናቸው፣ የዌስተን መንገድ አውቶቡስ ሹፌሩ። ማልያቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «አውጪልኝ ይሄን ስም! እኔ እንኳ አፓርትመንት ስቀይር ጎረቤት ተሰናብቼ ነው!» አሉ። ከኋላቸው ዙበይር የሚባለው የሬክስዴል ሰፈር ተማሪ ስልኩን ዘርግቶ «ድሮም ኦቨርሬትድ ነበር እትዬ ውቢት፣ ያለ ችሎታው ነው የተወራለት፤ ስታቱን፣ የጨዋታውን ቁጥር ላሳይዎት?» አላት።

«ስታቱን ለራስህ ያዘው፤ ማልያውን አምጣው» አለችው።

ጋሽ እሸቱ ዞረው በልጁ ላይ ጮኹበት። ኦቨርሬትድ አይደለም፣ ከሐዲ ነው እንጂ! ሁለቱ የሚስማሙት ስሙ ይውጣ በሚለው ብቻ ነበር። ውቢት መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ ተረተረች። የተተረተረውን ስም ግን አልጣለችም። በየጨርቁ ላይ የባለቤቱን ስም ወረቀት በስፒል አያያዘችና በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። ለምን ቢሏት «ንዴቱ ሲበርድላቸው ይመጣሉ» ትላለች። ደንበኞቿን ታውቃቸዋለች።

በዚያው ሳምንት የራሷ ባል መጣ።

ፀጋዘአብ ሬክስዴል ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነበር። በመጣበት ዓመት በእረፍት ሰዓት ብቻውን ነበር የሚበላው፤ እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍ፣ የሚያናግረውም የለ። አንድ ሰኞ አንዱ የሥራ ባልደረባው «የትናንቱን አየኸው?» ብሎ ጠየቀው። ፀጋዘአብ ምኑን እንደሆነ ሳያውቅ «የስ!» አለ። ውሸታም እንዳይሆን በሚቀጥለው እሑድ ቁጭ ብሎ ጨዋታውን አየ። ክሮልም በዚያ ዓመት ገና ጀማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ የሚያወራው ነገር አገኘ፤ አጠገቡም የሚቀመጥ ሰው አልጠፋም። «ይሄ ልጅና እኔ አብረን ነው የጀመርነው» ይል ነበር ስለ ክሮል ሲያወራ።

እነዚያ እሑዶች አሁን ድረስ ውቢትን ሆዷን ያባቧታል። እሷ በመስኮቱ በኩል የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ ባሏ ማልያውን ለብሶ ከሶፋው ጫፍ ላይ ሊወድቅ ደርሶ፣ ያኔ ትንሽ የነበረችው ልጃቸው ሔርሞን እግሩ ሥር ተቀምጣ ሕጉን በእንግሊዝኛ ታስረዳዋለች። ልጅቷ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ አድጋ አማርኛው ይቸግራታል፤ የአባትየው እንግሊዝኛም ከሥራ ሲገባ ይደክመዋል። በክሮል ጉዳይ ግን አባትና ልጅ ቋንቋ አጥተው አያውቁም። አንዱ «ወርውር!» ሲል ሌላዋ «ስሮው ኢት!» ትላለች፤ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን ይደበድባል። ምን ዓይነት ደግ ዘመን ነበር!

ያን ቀን ግን ፀጋዘአብ ማልያውን አጣጥፎ ሰጣት። «ተርትሪው» አላት።

«ፀጌ፣ ይቅርብህ።»

«ተርትሪው አልኩሽ። ሁለተኛ ስሙን ቤቴ እንዳልሰማ።»

ተረተረችውና ጨርቋን ከሌሎቹ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወዲያ ቴሌቪዥኑ እሑድ እሑድ ዝም አለ። ሔርሞን ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሌላ ቦታ ትኖር ነበር። ስትደውል አባቷ «ደህና ነሽ? ትምህርት ደህና ነው?» ይላትና ስልኩን ለእናቷ ያቀብላል። የሚያወሩት አልቆባቸው ነበር። መኸር ሲገባ ሰውዬው እንግዳ ጠባይ አመጣ፤ በዕድሜው ካልሲ አጥቦ የማያውቀው ሰው «የእሑዱን ላውንድሪ ለእኔ ተዪልኝ» አለ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቅርጫቱን ተሸክሞ፣ የልብስ ማጠቢያዎቹ ወዳሉበት የሕንፃው ምድር ቤት ይወርድና ሦስት ሰዓት ይቆያል። ውቢት ዕድሜ አለሰለሰልኝ ብላ ደስ አላት። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሱቁን ሊከፍትላት ሄዶ ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሎ ተመለሰ። «በሩ ነው» አላት።

በረዶው ሳይቀልጥ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ማልያው እንደ ታጠፈ ቁምሳጥን ውስጥ ቀረ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ክሮል ጫማውን ሰቀለ፤ የቀድሞ ቡድኑም አንድ እሑድ ሜዳ ላይ ጠርቶ ሊያመሰግነው መሆኑ ተሰማ። ውቢት እንዳለችውም ሆነ። ጋሽ እሸቱ ቀና ብለው ሊያዩዋት አፍረው «ያ ነገር… ጥለሽው ይሆን?» አሉ። ዙበይር አሁን ባለ ሥራ ሆኗል፤ «ስታቱን እንደገና አየሁት፤ ቤስት ኤቨር ነው፣ አቻ የለውም» አለ። ውቢት እየሳቀች ቆርቆሮዋን ከፈተችና ለየባለቤቱ ሰፋች።

ሐሙስ ዕለት ሔርሞን የአባቷን ማልያ ከቁምሳጥኑ አውጥታ በከረጢት ይዛ እናቷ ሱቅ መጣች። ለጨዋታው ትኬት ቆርጣለች።

«ማሚ፣ የዳዲን ማልያ ነው የምለብሰው። ስሙን ፑት ባክ አድርጊልኝ።»

ውቢት መርፌዋን አስቀመጠች። የሰው ሁሉ ስም ስትመልስ የሰነበተችው ሴት ይሄኛው ከበዳት። «አባትሽ በአፉ ተርትሪው ብሎኛል። ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር ሌላ ቃል አልወጣውም። የሞተ ሰው ቃል እንዴት አፈርሳለሁ?»

«ማሚ፣ ሂ ወዝ ጀስት ማድ!»

«ማድ እንደሆነ፣ እንደ ተናደደ ሞተስ?»

ሔርሞን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ከዳዲ ጋር ያወራነው ስለ ክሮል ብቻ ነው» አለች፤ አማርኛውን እየፈለገች። «ሌላ የለኝም። ላስት ታይም፣ መጨረሻ ስደውል፣ ሰላሳ ሰከንድ ነው ያወራነው። በእኔም ተናዶ የሞተ ይመስለኛል።»

ይሄን ከልጇ አፍ ሰምታ አታውቅም። ቃል አፈረሰች ብሎ ፀጋዘአብ ከላይ ቢታዘባትም ይታዘባት፣ ይቺ ልጅ እንዲህ ሆና አትሄድም ብላ ቆረጠችና ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

የፀጋዘአብ የለም።

አንድ በአንድ አነሳች፣ ወረቀቶቹን አነበበች፣ ከቆርቆሮው ሥር ዳበሰች። ለሌላ ሰው አሳስቼ ሰፍቼዋለሁ፣ የባሌን ጨርቅ በሰው ጀርባ ላይ ሰድጄዋለሁ አለች በልቧ። ለልጇ ግን «አዲስ እቆርጥልሻለሁ» ብላ ማልያውን ከከረጢቱ አወጣች። ካውያውን አሞቀችና ጀርባውን ልትተኩስ ገለበጠችው።

ስሙ እዚያው ነበር፤ በውስጥ በኩል።

ጨርቋ ከትከሻ እስከ ትከሻ ተዘርግታ፣ ፊቷ ወደ ለባሹ ገላ ዞሮ፣ በወፍራም ነጭ ክር ተሰፍታለች። ስፌቱ ስፌት አይባልም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጠምዛዛ፣ ክሩ በየቦታው ተቋጥሯል። አንዷ ጥግ ላይ ቡናማ ነጥብ አለች፤ የደረቀ ደም። ውቢት ነጥቧን በጣቷ ነካቻትና ፕላስተሩን አስታወሰች። ቀጥሎ ላውንድሪው ትዝ አላት። ስልኩን ይዞ፣ ማልያውን ከውስጥ ለብሶ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሦስት ሰዓት ምድር ቤት!

«አንተ ሌባ!» አለች፤ ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ መጣ። «አንተ ሌባ! ምድር ቤት ተደብቀህ ክሮልን ስታይ ኖረሃላ!»

ሔርሞን ምን እንደሆነ ሲገባት ማልያውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ለምን አልደወለልኝም?» አለች።

«ኩራቱ ነዋ። ማንንም አልተቀየመም ልጄ፤ መመለሻው ነው የጠፋበት። ያን ቀን ስልኩን ሲያቀብለኝም አጠገቤ ቆሞ ድምፅሽን ይሰማ ነበር።»

ትንሽ ቆይተው ሔርሞን ማልያውን ከነግልባጩ መለሰችላት። «በውጪ በኩል ታደርጊዋለሽ?»

ውቢት መተርተሪያውን አነሳች። በሃያ ዓመት ውስጥ ጠማማ ስፌት አይታ አልፋ አታውቅም፤ የሰው ሠርግ ላይ እንኳ የሙሽራዋን ቀሚስ ጠርዝ ስታይ እጇ ይበላታል። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ትኩር ብላ አየችውና መተርተሪያውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ይሄን እኔ አልነካውም» አለች።

ሔርሞን ማልያውን ለበሰችና መስተዋቱ ፊት ዞረች። ከውጪ ሲያዩት ጀርባው ባዶ ነው፤ የማን ማልያ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ማሚ፣ ይኮሰኩሰኛል።»

«ይኮስኩስሽ» አለቻት ውቢት። «አባትሽም ችሎት ኖሯል።»