ለአባባ ያልተነገረው መርዶ

ሰሞኑን ልጆቼ ሳሎን ተሰብስበው ሲያወሩ እኔ ብቅ ካልኩ ጸጥ ይላሉ። ምን ሆናችሁ ስላቸው «ምንም የለም እማዬ፣ አንቺ ብቻ አትጨነቂ» ነው መልሳቸው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደም ግፊት አለባት ተብዬ ወሬ ሁሉ ተጣርቶ ነው የሚደርሰኝ። እዚሁ ሮቤ ባጃጅ ከጋሪ ጋር ቢጋጭ እንኳ የመጨረሻዋ ሰሚ እኔ ነኝ። ትልቋ ልጄ የአረጋውያንን የአእምሮ ጤና ስለ መጠበቅ በስልኳ አንድ ነገር አንብባ፣ ትናንት ሬዲዮኔን ከዜና ወደ መዝሙር አዞረችብኝ። ደሜ ፈላ። ግፊቴን መለካት የነበረባቸው ያኔ ነው።

የባሰ የሚያናድደኝ ግን ይህን ጥበብ ከየት እንደ ወረሱት ማወቄ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው ጎባ ነበር። የአባቴ አባት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ወዲህ ከእኛ ጋር ነበሩ። ኦቦ ከድር የሚባሉ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ያለችው የሪራ መንደር ሰው ወዳጃቸው ነበሩ። ኦቦ ከድር በየሁለት ሳምንቱ የሐረናን ማር በበቅሎ ጭነው፣ የሳነቴን ተራራ ብርድ አቋርጠው ወደ ጎባ ገበያ ይመጣሉ። ማራቸውን ሸጠው ሲጨርሱ በራችን ላይ ቆመው አባባን በስማቸው፣ በኦሮምኛ «ያ ታደሰ» ብለው ይጣራሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሎች በረንዳው ላይ የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ አዝመራ፣ ስለ በቅሎ ዕድሜ። አንድም ቀን ተስማምተው ሲለያዩ አላየሁም፤ ሁለቱም ግን ያን ቀን በጉጉት ነበር የሚጠብቁት።

አንድ የሰኔ ቀን አባባ ማሩን በጣታቸው ቀመሱና «ከድር፣ ዘንድሮስ ስኳር ሳትቀላቅልበት አልቀረህም» አሉ። ቀልድ ነበር። ግን ለሐረና ማር ቆራጭ ይህ በሰው ፊት ሌባ ብሎ እንደ መስደብ ነው። ኦቦ ከድር የጨበጡትን ቆሎ ወደ ሳህኑ መልሰው ተነሡ፤ በቅሏቸውን ፈትተው ሄዱ። አባባ «ይመለሳል፣ የት ይሄዳል» አሉ።

አልተመለሱም። ሐምሌ ላይ አንድ የሪራ ነጋዴ መርዶውን ለአባቴ አመጣ፤ ኦቦ ከድር ሦስት ቀን ታመው ሞተዋል፣ ተቀብረዋልም። እናቴ ልታለቅስ ስትል አባቴ ከለከላት።

«አባባ ይሰማሉ። ልባቸው ደካማ ነው፣ አይችሉትም። ክረምቱ ይውጣና ሽማግሌ ጠርተን በወጉ እናረዳቸዋለን» አለ።

በአገራችን መርዶ እንዲሁ ሰው ላይ አይወረወርም፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። ወጉ ጥሩ ነው። የእኛ ማለዳ ግን አልመጣ አለ። ክረምቱ ሲወጣ መስቀል ይለፍ ተባለ፤ መስቀል ሲያልፍ ጉንፋናቸው ይሻላቸው ተባለ። እስከዚያው አባባ ይጠይቃሉ፣ እኛ እንዋሻለን። መጀመሪያ መንገዱ ጭቃ ነው አልን። ቀጥሎ አባቴ «ኦቦ ከድር ለዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ሄደዋል» አላቸው።

«ሳይሰናበተኝ? ሲሄድ ለአንተም ዱዓ አስደርግልሃለሁ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም» አሉ አባባ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን እያደር ደፈረሰ። አባባ በረንዳ መውጣት ተዉ። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተዉ። ገንፎ ሲቀርብላቸው ሁለቴ ጎርሰው ይገፉታል። እናቴ ጠበል አስመጣች፤ አባቴ ከጤና ጣቢያ ድሬሰር ጠርቶ ጉልበት ይሰጣል የተባለ መርፌ አስወጋቸው። የሚጠይቃቸው ሁሉ «እርጅና ነው» እያለ ይሄዳል። የሰውዬው መድኃኒት አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑን እያወቅን ጠበል እናመላልሳለን። ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ደግሞ እናቴ መላ መጣላት። ከገበያ አንድ ጣሳ ማር ገዝታ «ኦቦ ከድር ልከውልዎታል» አለቻቸው። አባባ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብለው ተቀመጡና ቀመሱት። ማሩ የለየለት ስኳር ነበር። ጣሳውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«የተናገርኩትን መለሰልኝ» አሉ። «በቃ፣ ቆርጦ ትቶኛል።»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ አፋቸውን የሚከፍቱት ኦቦ ከድርን ለማማት ብቻ ሆነ፤ ቂመኛ ነው፣ የዕድሜ ልክ ወዳጁን ለአንዲት ቃል የሚጥል ነው እያሉ። በመጨረሻ ንዴታቸው አለቀና አባቴን ጠሩት። «ሪራ ድረስ ሽማግሌ ሁነህ ሂድልኝ። በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ ብሏል በለው» አሉት።

አሁንስ ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ በቅሎ ጭኖ ወጣ፤ ሪራ በመሄድ ፋንታ ሮቤ ዘመድ ቤት ሁለት ቀን ተቀምጦ ተመለሰና «ይቅር ብለዋል» አላቸው።

«ይቅር ካለኝ ለምን አልመጣም?» አሉ አባባ።

በማግስቱ ቁርስ ይዤ ስገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ለዓመት በዓል ብቻ የሚለብሱትን ጋቢ እያጣጠፉ ነበር።

«ፀሐይ፣ ይህን ለከድር የሚያደርስ ሰው ፈልጊልኝ። ሳነቴ ላይ ይበርደዋል» አሉኝ።

ሽማግሌውንም ወጉንም ረሳሁት። «አባባ፣ ኦቦ ከድር ሞተዋል» አልኩ።

«መቼ?»

«ሐምሌ ላይ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«ሁላችንም እናውቃለን።»

ልባቸው ቀጥ ይላል ብዬ ጠጋ አልኳቸው። እሳቸው ግን «ይህን ሁሉ ጊዜ የሞተ ሰው አሳማችሁኝ» አሉ።

ከዚያም አለቀሱ። አባቴ ሮጦ ገብቶ በጥፊ መታኝ፤ በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው የመታኝ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አባባ ሦስት ቀን ሙሉ እያለቀሱ ስለ ኦቦ ከድር ሲያወሩ፣ እኔ ደግሞ ገዳይ ተብዬ ጓዳ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን በቅሎ ጫኑልኝ አሉ፤ ይዘናቸው ሪራ ሄድን። የኦቦ ከድር ልጅ እጃቸውን ይዞ «አላህ ሰብሩን፣ መጽናናቱን ይስጥዎ» አላቸው። «አባቴ ታሞ እንኳ ሲስቅ ነበር። በሚቀጥለው የማር ቆረጣ ንጹሑን አቀምሰውና ታደሰ ያፍራል ይል ነበር።»

አባባ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። የቀረበላቸውን ገንፎም ጠርገው በሉ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ ሐዘኑ አልለቀቃቸውም፣ ግን በረንዳው ላይ ከእኔ ጋር እየተከራከሩ አዘኑ። አባቴን እስከ ገና አላናገሩትም።

እኛ ሽማግሌ ማክበር እናውቃለን። ቆመን እናሳልፋለን፣ እርስዎ እንላለን፣ ከፍሪዳው እናስቀድምላቸዋለን። ግን መርዶ አይችልም የምንለው፣ ከሁላችንም ይበልጥ ሰው ቀብሮ እዚህ የደረሰውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ክብር ለጠላቴም አልመኝ።

ይህን የጻፍኩት ለልጆቼ ላነብላቸው ነበር። ግማሹ ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። ጎባ ያለችው ታላቅ እህቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው። እዚህ ሮቤ ትኖር የነበረች አስካለ የምትባል ጓደኛዋ ከሁለት ወር በፊት ሞታለች። እህቴ በደወለች ቁጥር «አስካለ ስልክ አታነሣልኝም፣ ምን አደረግኳት?» ትለኛለች። እኔም ስልኳ ተበላሽቶ ነው እላታለሁ። ግፊት አለባታ።

አሁን ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ እንዲህ ያለው በስልክ አይሆንም። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎባ እሄዳለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ የአስካለን ሞት እነግራታለሁ፤ ከዚያም ምንም አላደረግሻትም እላታለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ይህችን ቃል ነፍጌያታለሁ።