የአባባ ፈረንሳይኛና የእህቴ ስም

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ያመጣሁትን የአጃ ካርቶን መደርደሪያው ላይ ሳስቀምጥ፣ እጄ ሳላዘው ካርቶኑን አዞረና የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ወደ ግድግዳው፣ የፈረንሳይኛውን ወደ ውጭ አደረገው። ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ያስለመዱኝ የእናቴ አባት፣ አባባ ናቸው። በልጅነቴ እንኖርባት በነበረችው፣ ቶሮንቶ ፍሌሚንግደን ፓርክ ባለችው የአሥራ አንደኛ ፎቅ አፓርታማ ውስጥ፣ ከወተቱ ጀምሮ እስከ ልብስ ሳሙናው ድረስ፣ አባባ ፊቱን ወደ ፈረንሳይኛው ያላዞሩት ዕቃ አልነበረም።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ በነበረው ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርተው፣ የጣቢያ ሹም ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እማዬ ስፖንሰር አድርጋ ስታመጣቸው እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ካናዳ ፈረንሳይኛ የሚነገርበት አገር ነው ተብለው ስለነበር ከአውሮፕላኑ የወረዱት ከረባታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ለአገሩ ሰው የሚሆን ሰላምታ አዘጋጅተው ነው። በሳምንቱ ግን አውቶቡሱ ውስጥም፣ ሱቁ ውስጥም፣ ሊፍቱ ውስጥም “ቦንዡር” ላሉት ሁሉ የሚመለስላቸው “ሃይ” ብቻ መሆኑን አወቁ። ስንቱን ባቡር በአንድ ፊሽካ ያስቆሙ ለነበሩት ሰው፣ ክሊኒክ ስንሄድ የወገባቸውን ሕመም ለሐኪሙ የምታስረዳላቸው እኔ፣ ጥርሷ እንኳን በቅጡ ያልበቀለላት ልጅ ሆንኩ። የቀራቸው ጓደኛ የዕቃ ካርቶን ነበር። የብስኩቱን መያዣ መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር ያነቡና፣ ሰዋስው የተሳሳተ ሲያገኙ በጣም ይደሰቱ ነበር።

በዓመቱ እማዬ አረገዘች። ሴት መሆኗ እንደታወቀ የስሙ ክርክር ተጀመረ። እማዬ ቤዛዊት እንድትባል ፈለገች። አባዬ ታክሲ ስለሚነዳ፣ ተሳፋሪው ሁሉ “ጌታቸው” የሚለውን ስሙን ሰባብሮ ስለሚጨርስበት፣ “ልጄ እንደ እኔ አትቸገርም፣ ጄሲካ ትባል” አለ። አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡና “ፈረንሳይኛ ስም ይውጣላት” አሉ። ከዚያም ፈረንሳይኛ ለአበሻ ባዕድ እንዳልሆነ ያስረዱን ጀመር፤ ለገሃር የምንለው ከየት እንደመጣ፣ ጋራዥ የምንለው የማን ቃል እንደሆነ ዘረዘሩና ወደ አባዬ ዞረው “አንተስ ሹፌር ነህ አይደል?” አሉት። አባዬ ለዓመታት በፈረንሳይኛ ሲተዳደር መኖሩን የሰማው በዚያ ምሳ ላይ ነው።

እኔ አራተኛ ክፍል ገብቼ ፈረንሳይኛ ስለጀመርኩ ጸሐፊ ሆንኩ። አባባ ይናገራሉ፣ እኔ ባረጀ ካላንደር ጀርባ ላይ እጽፋለሁ፣ ከፊደሉ አናት ላይ የረሳኋትን ጭረት እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ይጨምራሉ። እራት ላይ አንድ ስም፣ ባቡር መድረሱን እንደሚያስታውቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያነባሉ። ሻንታል ሲሉ አባዬ የአበሻ ልጆች ሻንጣ እንደሚሏት ተናገረ። ሉሲ ሲሉ እማዬ ልጇ በሙዚየም አጥንት እንደማትጠራ አስታወቀች። ኮራሊ ሲሉ ደግሞ “ምነው፣ ገና ሳትወለድ ኮራች?” አለችና ሳቅን፤ እሳቸውም አብረውን ሳቁ።

አንድ ምሽት ግን ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ፣ ቀስ ብለው “ደኒዝ” አሉ። ምድር ባቡር በጉልበት ሠራተኝነት ሲቀጠሩ፣ የአለቃቸው ሚስት ማዳም ደኒዝ ደብተር ገዝታ ማንበብና መጻፍ ያስተማረቻቸው መሆኗን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያኔ ነው። እማዬ ግን የሰማችው ስሙን ብቻ ነበር። እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች “ውይ አባባ፣ ደነዝ? ልጄን ደነዝ ሊሉብኝ?” አለች። አባባ አልሳቁም። ካላንደሩን ከእጄ ተቀብለው አራት ቦታ አጠፉትና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ስም የሚባል ነገር አላነሱም። እማዬ ይቅርታ ብትጠይቃቸው “ምን አደረግሽኝ ልጄ” ይሏታል እንጂ ወረቀቱ ተመልሶ አልወጣም፤ ቤቱ ውስጥ ያለ እሳቸው ድምፅ የምንበላው እራት ይከብደን ጀመር።

የሆነው የሆነው በጥር ወር፣ በረዶ ሲጥል በዋለበት ቀን ነው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ግን እማዬ ደጋግማ ስለነገረችኝ ያየሁት ያህል ነው። አባዬ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሳለ ምጡ ቀኑ ሳይደርስ መጣና እማዬ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ተመልሳ መነሣት አልቻለችም። “አባባ፣ ናይን ዋን ዋን ኮል ያድርጉልኝ!” ብላ ጮኸች፤ የአምቡላንስ መጥሪያው ቁጥር ነው። አባባ ስልክ ይፈሩ ነበር። ሲጠራ ቁጭ ብለው ያዩታል እንጂ አያነሱትም። ያን ቀን ግን ደወሉ፤ በእንግሊዝኛ የሚያናግራቸውን ሰው “ፍራንሴ! ፍራንሴ!” እያሉ አቋረጡት። መስመሩ ተዛወረና አንዲት ሴት በጠራ ፈረንሳይኛ “ቦንዡር ሙሲዬ፣ ሬኔ እባላለሁ፣ አብሬዎት ነኝ፣ ይንገሩኝ” አለቻቸው።

እማዬ ስታወራው ምጧን ረስታ ያየቻቸው እዚህ ላይ ነው ትላለች። ወገባቸው ቀና አለ። አድራሻውን፣ ፎቁን፣ የበሩን ቁጥር እንደ ጣቢያ ሪፖርት አስተላለፉ። ሬኔ በሩን ይክፈቱት ስትላቸው ከፈቱ፣ ፎጣ ስትላቸው ፎጣ አመጡ፣ የምጡን ልዩነት ይቁጠሩ ስትላቸው የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ። “አራት ደቂቃ... ሦስት ደቂቃ... ማዳም፣ በጣም ፈጥኗል!” የአምቡላንስ ሰዎቹ ሲገቡ የሕፃኗ ጭንቅላት ታይቶ፣ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ፈቱላት። አለቀሰች። አባባ ስልኩን ወደ ልቅሶው አስጠግተው ለሬኔ አሰሟት።

ማታ ሆስፒታል ተሰበሰብን። አባዬ በረዶ እንደለበሰ ቆሟል፤ ጄሲካ የሚለውን አላነሳም። እማዬ “አባባ፣ ስሟን እርስዎ ያውጡላት” አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ደኒዝም ቢሆን ግድ የለኝም” አለች።

አባባ ሕፃኗን አዩ። “ሬኔ” አሉ። “እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ስናገር የሰማችኝ እሷ ናት።”

እማዬ ስሙን ሁለት ጊዜ በአፏ ሞከረችው። “ሬኔ... የኔ የሚል ይመስላል” አለችና አለቀሰች።

አባባ ለሬኔ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ሁለት ገጽ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ። አድራሻዋን ስለማያውቁ ፖስታው ላይ “ለማዳም ሬኔ፣ ስልክ ቤት፣ ቶሮንቶ” ብለው በፈረንሳይኛ ጽፈው በእጃቸው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ወር ሙሉ ምድር ቤት እየወረዱ የፖስታ ሳጥናችንን ከፍተው ያዩ ነበር።

ኋላ ላይ ትንሿን ሬኔ ኪንደርጋርተን የሚያደርሱት እሳቸው ሆኑ። እጇን ይዘው መንገዱን ሙሉ በፈረንሳይኛ ያወሯታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ከኋላ ሆኜ ስከተላቸው ምን እንደሚባባሉ አልሰማም፤ የማየው የሁለቱን ባርኔጣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላት አባባ አረፉ። ቤታችን ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ከዚያ ወዲህ የለም፤ እኔም ከትምህርት ቤት የተረፈኝ የቀናት ስም ነው፤ ሬኔም ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ የትምህርቱ ግዴታ ሲቀርላት በደስታ ተወችው።

በቀደም ስልክ ስናወራ፣ በዚያ መንገድ ላይ በየጠዋቱ ምን ይነግሯት እንደነበር ጠየቅኋት። ስለ ማዳም ደኒዝ ይሆናል፣ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት ይሆናል፣ ለእኛ ያልነገሩን ስንት ነገር ይሆናል ብዬ። ብዙ ካሰበች በኋላ ሳቅ አለች።

“ምን እንደሚሉኝ አላውቅም” አለችኝ። “ሁልጊዜ ግን ኦኬ እላቸው ነበር።”